የሓትኖይ የላይኛው ጥርስ

እኔ በማስተምርበት ክፍል አንዲት ሴት የላይኛው ጥርሷ ተሠርቶ ሲያልቅ እልል ሳትል ከወንበሩ አትነሳም። አንዳንዷ ታፍራለች፤ አንዳንዷ «ወይ ጉዴ፣ በጠዋቱ?» እያለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች፤ ሐዘን ላይ ያለች ከሆነች ደግሞ ተይው እላታለሁ። ሌላዋ ግን ትልልኛለች። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰምቶ «እዚህ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?» ብሎ በሩን ከፈተው። ተማሪዎቼ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅኩም። ይህን ፈተና ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የተማርኩት በእናቴ ታናሽ እህት ላይ ነው፤ «በእሷ ላይ» ያልኩትም አውቄ ነው።

ሓትኖይ እላታለሁ፤ በትግርኛ የእናት እህት ማለት ነው። ቤቷ ጸጸራት የሚባል ሰፈር ነው። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ሳቅ የሚቀናት፣ ስትስቅ ግን ሁልጊዜ በነጠላዋ ጫፍ አፏን የምትሸፍን ሴት ነበረች። ጥርስ የሚባል አልቀረላትም። ልጇ ሊያገባ ሽማግሌ የላከ ሰሞን ቤቴ መጣች። የቀዳሁላትን ሻሂ እንኳ ሳትጨርስ «ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ ጥርስ ትሠሪ የለም እንዴ?» አለችኝ። «ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ለእሱ ሠርግ አፌን ሸፍኜ እልል አልልም። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ቀና ብዬ ነው የምለው። ከዚያ በኋላ ከፈለገ ይውለቅ!»

አንጀቴን በላችው። «ምን ችግር አለ ሓትኖይ፣ እኔ እያለሁልሽ?» አልኳት። ይቺ «እኔ እያለሁልሽ» ያልኳት ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ሙያውን የለመድኩት ቪላጆ ጀኒዮ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። አንድ ጣሊያናዊ የጥርስ ሐኪም ከቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ጄሶ እያስበጠበጠኝ፣ ሰም እያስቀረጸኝ አደግሁበት ማለት ይቻላል። በኋላ ሆስፒታሉ የጥርስ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ሲከፍት የሰው ሠራሽ ጥርስና የመንጋጋ በሽታ ትምህርቱን ለእኔ ሰጡኝ። ትምህርት ሁሉ በአማርኛ ይሁን የተባለበት ጊዜ ነበር። አስተማሪዋ ትግርኛ ተናጋሪ፣ ተማሪው ትግርኛ ተናጋሪ፣ አፉን የሚከፍተው በሽተኛ ትግርኛ ተናጋሪ፤ እኛ ግን ትምህርት ቤት በለመድናት አማርኛ እንኮላተፋለን። ስናደድ አማርኛው ጥሎኝ ይጠፋል። ተማሪዎቼ ትግርኛ ስጀምር ሰምተው ጠረጴዛቸውን ማጽዳት ይጀምሩ ነበር። እሳት ናት ይሉኛል፤ አልዋሽም፣ ነኝ።

ከተማሪዎቹ አንዱ በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። በቆላው፣ ከአቆርዳት ወዲያ ባለች ክሊኒክ ቁስል ሲያክም የኖረ ድሬሰር ነው፤ ባለትዳር፣ የልጆች አባት። እሱን አንቱ ነበር የምለው፤ ስበሳጭበት ግን አንተ ይሆንና ወዲያው አፍራለሁ። ባለፈው ዓመት ወድቆ ነበር። ክሊኒኩ ለምኖ እንደገና ተቀበልነው፤ ዘንድሮ ከወደቀ ሦስተኛ ዕድል የለም። እጁ ከባድ ነው፣ ነገር ግን በሽተኛን እንዴት እንደሚያባብል ብታዩት! ስትነካ የምታለቅስ አሮጊት ሁሉ እሱ ዘንድ ስትቀርብ እንደ ሕፃን ጸጥ ትላለች። ለመጨረሻ ፈተናው የላይና የታች ሙሉ ጥርስ ለአንድ ሰው መሥራት ነበረበት፤ እኔም ሓትኖይን ሰጠሁት። እሷ ጥርስ ታገኛለች፣ እሱ ሥራውን ያሳያል፤ ሁለት ሰው በአንዴ ጠቀምኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ በፊት ግን ክፍሉ በሙሉ ተማረባት። ጥርስ የሌለው ሰው ለዓመታት በድዱ ሲያኝክ የታችኛው መንጋጋው ወደ ፊት መውጣት ይለምዳል፤ ከጆሮ ፊት ያለው መጋጠሚያም ይጎዳል። የሓትኖይ መጋጠሚያ አፏን በከፈተች ቁጥር ቀጭ ይል ነበር። እኔ ደስ አለኝ! እንደዚህ ያለ ጥሩ ምሳሌ ከየት ይገኛል? ተማሪዎቹን አሰልፌ በየተራ ጣታቸውን ከጆሮዋ ፊት እያስቀመጡ «ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ክፈቺ፣ ዝጊ» አስባልኳቸው። የመጨረሻው ተማሪ ሲደርስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አመመሽ እንዴ?» ስላት «ኣይፋል፣ ምንም አይደል፣ ይማሩ ልጆቹ፣ ይማሩ» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ አልወቀሰችኝም። እኔም አመንኳት፤ ማመን ይቀለኝ ነበርና።

ድሬሰሩ ልኳን ወሰደ፣ በሰም አስተካከለ፣ ጥርሶቹን ደረደረ። ደግ ደጉን ልናገር፤ መንጋጋዋን ወደ ቦታው ለመመለስ የደከመው ድካም ሌላ ተማሪ አይደክመውም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስለ ልጆቹ ያወራላታል፤ እሷም ስትስቅ አገጯ ይላላል፣ ያኔ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ይመራዋል። ችግሩ የመጣው ሰሙ በፕላስቲክ ተተክቶ ጥርሱ ተጋግሮ ከወጣ በኋላ ነው። የላይኛውን ስታስገባው የኋላ ጠርዙ ላንቃዋን ነክቶ ያቅለሸልሻት ጀመር። ጉሮሮዋን ይዛ «ወይለይ!» ስትል እሱ ደነገጠና ወስዶ ከኋላው ሞረደላት። እንደገና አቅለሸለሻት፤ እንደገና ሞረደ። ሦስተኛ ስትሞክረው «ይሄ ጥሩ ነው፣ ወርቅ ነው!» ብላ እጁን ሳመችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። የላይኛው ጥርስ በሙጫ አይያዝም። ላንቃው ላይ ልክክ ብሎ ገጥሞ፣ አየር ሳያስገባ፣ በምራቅ ነው የሚጣበቀው። የኋላ ጠርዙ ጠንካራው ላንቃ አልቆ ለስላሳው እስከሚጀምርበት መድረስ አለበት። ካጠረ አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ይወርዳል። ለማውራትና ለማኘክ ምናልባት ይችል ይሆናል፤ አፍ በሰፊው ተከፍቶ ምላስ ሲንቀሳቀስ ግን አለቀለት። ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ሌላ ተማሪ ላይ ስጮህ ነበርና ሲሞርድ አላየሁትም።

ያየሁት ሥራው አልቆ ለፈተና ከተመዘገበ በኋላ ነው። እሑድ ቤቴ ምሳ በላንና የጎረቤቴን ወሬ እያወራን ሓትኖይ ከት ብላ ሳቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ሳትሸፍን! ደስታዬ ግን ገና ሳይሞላ የላይኛው ጥርስ ጠብ ብሎ የታችኛው ላይ ወደቀ። እሷ በምላሷ ገፍታ መለሰችውና «አንዳንዴ እንዲህ ይላል፣ ይለምደኛል» አለች። አፏን አስከፍቼ አየሁ። ጠርዙ አጥሯል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የተመዘገበ ሥራ መነካት የለበትም። ለድሬሰሩ ብነግረው፣ እሱን አውቀዋለሁ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ለፈታኙ ይናገራል። ከተናገረ ወደቀ፤ ከወደቀ ቆላ ወርዶ ቁስል ሲያጥብ ይኖራል፤ ያ ሁሉ የጥርስ ሕመምተኛም ያለ ሰው ይቀራል። ዝም ካልኩ ያልፋል። ጥርሱን በኋላ አስተካክለዋለሁ፤ ሠርጉ ገና ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። እንዲህ ብዬ ለራሴ አሳመርኩት።

ሓትኖይን ወደ ፌርማታው ስሸኛት እጇን ይዤ «ስሚኝ፣ ፈታኙ ፊት አፍሽን ብዙ አትክፈቺ» አልኳት።

«ለምን?»

«ያ ድሬሰር ይወድቅብኛል። ልጆች አሉት።»

አውቶቡሱ መጣ። እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ «ሕራይ» አለች፤ እሺ ማለት ነው። ለወራት ክፈቺ ስንላት የከፈተችልንን አፍ፣ አሁን ደግሞ ዝጊ አልኳት። እሷም እሺ አለች።

ፈታኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ሐኪም ነበር፤ ጨዋ ሰው። መንጋጋዋን ዳሰሰ፣ ጥርሱ መጋጠሙን አየ፤ ለድሬሰሩም «መንጋጋውን ወደ ቦታው የመለሱበት መንገድ ጥሩ ነው» አለው። ድሬሰሩ ግንባሩ ላይ ችፍ ያለውን ላብ በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ሐኪሙ ወደ እሷ ዞሮ «እማማ፣ እስቲ ስልሳ ስድስት ይበሉ» አላት፤ በጥርስ መሀል የሚወጣው ድምፅ እንዲሰማው ነው። እሷ አማርኛው ስለማይሆንላት በትግርኛ «ሱሳን ሽዱሽተን» አለች፤ ቀጭን አድርጋ፣ ከንፈሯን ሰብስባ። እሱም ሳቀ፤ «ይሄም ይሆናል!» አለ። ምላሷ ከላይ ጥርሱን ደግፎ እንደያዘው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጉንጯ ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ። ዓይኗን ግን ከእኔ ላይ አልነቀለችም፤ እንደታዘዘች መሥራቷን የምታረጋግጥ ይመስል።

አለፈ። ድሬሰሩ አቅፎ አነሳት፣ ሳማት፣ ለእኔም ሰገደልኝ። «መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የቐንየለይ» እያለ ሲያመሰግነኝ የምገባበት አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስናገር የባሰ አፍራለሁ። አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር አይደል? ቤተ ሙከራውን ለማስከፈት የክፍሉን ኃላፊ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ኃላፊው ደግሞ «ያለፈ ሥራ ለምን ይነካል?» ይለኛል። የድሬሰሩ የምስክር ወረቀት ገና አልተፈረመም። ይፈረምና እጠይቃለሁ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል የጾሙ ማብቂያ መጣ። ወረቀቱ ሲፈረም ሰሙነ ሕማማት ገባና ቤተ ሙከራው ሠርጉ እስኪያልፍ ላይከፈት ተቆለፈ። በስቅለት ማግሥት ወደ ቪላጆ ጀኒዮ ሮጥኩ፤ የድሮው ጣሊያናዊ አሠሪዬ ቢያስጠጋኝ ብዬ። በሩ ዝግ ነው። ዘበኛው «ምጽዋ ወርደዋል፣ ባሕር ላይ ናቸው» አለኝ። እዚያው በሩ ላይ በትግርኛ ብቻዬን ስሳደብ ዘበኛው ሰው አብሮኝ አለ እንዴ ብሎ ዞር ዞር አለ።

በፋሲካ ማግሥት ሓትኖይ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት፤ አልደረሰም አልኳት። እሷ ለሠርጉ በርበሬ ስትለቅም ነበር። «አይዞሽ፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። «እየያዝኩት እልል እላለሁ። እንዳትጨነቂ።» ብትቆጣኝ ምን ነበረበት! እሷ ከመቆጣት ይልቅ ሕምባሻ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ እኔም በላሁ።

ሠርጉ ደረሰ። ጸጸራት ዳሱ ተጥሎ፣ ሱዋው፣ የእኛ ጠላ፣ ተደርድሮ፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ድሬሰሩ ሚስቱን ይዞ ከቆላ መጥቷል። አዲስ ኮት ለብሷል። አጠገቡ ለተቀመጠው ሁሉ «ያ የሙሽራው እናት ጥርስ የእኔ ሥራ ነው» ይላል፤ ሰዎቹም ዞረው ያያሉ፣ ሓትኖይም ጥርሷን ገጥማ ፈገግ ትልላቸዋለች። እንዴት አምሮባት ነበር! ፎቶ አንሺው ራሱ «እማማ፣ ሙሽራዋ እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብሎ ቀለደባት። እኔ ከጎኗ ቆሜ በልቤ «አምላኬ፣ አድርግልኝ፣ ለዛሬ ብቻ ያዝልኝ» እላለሁ።

ሙሽሮቹ ቤት ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተክሊላቸውን ፈጽመው መጡ። ማኪናው ከሩቅ ጥሩምባውን ሲነፋ ከበሮው ቆመ። በእኛ ዘንድ ሙሽራይቱ የባሏን ደጃፍ ከመርገጧ በፊት መጀመሪያ እልል የምትለው የሙሽራው እናት ናት። እሷ ሳትጀምር ሌላ ሴት አፏን አትከፍትም፤ ነውር ነው። ያ ሁሉ ሴት ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃታል።

ሓትኖይ ቀና አለች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። አፏን ከፈተችና ገና «እል» ስትል ጠብ ሲል ሰማሁት። ዘጋችው። በምላሷ መለሰችው፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እንደገና ከፈተች። እንደገና ወረደ። ከፊሉ ከከንፈሯ ወጣ፤ ፈጥና በእጇ ያዘችው። ሙሽራይቱ አንድ እግሯን አንስታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ልጇ እናቱን ያያል። ሰው ሁሉ ያያታል። ከኋላ አንዲት ሴት «ምን ነካት፣ ልጅቱን አልወደደቻትም እንዴ?» ስትል ጆሮዬ ጥልቅ አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሓትኖይ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ የተጣደፈች ብቻ ነበረች። የላይኛውን አወጣች፣ የታችኛውንም አወጣች፣ እጄን ያዘችና መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን በላዩ አጠፈቻቸው። «ያዢልኝ ጓለይ» አለችኝ። ከዚያ ባዶ አፏን ለሰው ሁሉ ከፍታ፣ ሳትሸፍን፣ እልል አለች። ረጅም ነበር። ሴቶቹ ተከተሏት፣ ከበሮው ተመታ፣ ሙሽራይቱ ገባች፣ ሰፈሩ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም፤ እጄ ውስጥ ያለው ገና ከአፏ እንደወጣ ሞቃት ነበር። ቀና ስል ድሬሰሩ ባዶ አፏን አየ፤ ከዚያ የተጨበጠ እጄን አየ። ኮቱን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ሆስፒታሉ ድረስ መጣ። እንደሚጮህብኝ ጠብቄ እኔም ልጮህ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ልማዴ ነው። እሱ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «መምህር፣ ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ቢነግሩኝ እንደገና እሠራው ነበር። ብወድቅም እሠራው ነበር። እሳቸውን እኮ እንደ እናቴ ነው የማያቸው።»

ለእሱ ብዬ ያደረግሁትን እሱ አልጠየቀኝም፤ ከእሷ ወስጄ ለእሱ የሰጠሁትን እሱ አልፈለገውም። ኩም አልኩ። ቤተ ሙከራው እንደተከፈተ ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ የተሰደብኩት ስድብ ይገባኝ ነበር። ድሬሰሩን ግን አልነካብኝም፤ «ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው» አለ። ልክ ነበር።

ጥርሱን ያስተካከለው ድሬሰሩ ራሱ ነው። እኔ ከጎኑ ቆሜ መሣሪያ አቀብለው ነበር። አዲስ ልክ ወሰደ፣ የኋላ ጠርዙን ጨመረ፤ ሲያቅለሸልሻት በአፍንጫዋ እንድትተነፍስ እያደረገ ታገሣት እንጂ አልሞረደላትም። ሲያልቅ እንዴት ያዘ መሰላችሁ! በጣቴ ጎትቼ ሳስለቅቀው እንደ ቡሽ ጧ የሚል ድምፅ አሰማ። ማስነጠስ፣ ማዛጋት፣ መሳቅ፣ ሁሉን አሞከርናት፤ ንቅንቅ የለም። ድሬሰሩ በደስታ እጁን አሻሸ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለለኝና «በይ ሓትኖይ፣ አሁን ደግሞ እልል በይና እንየው» አልኳት።

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ወደ መስኮቱ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ። ጥርሶቿ ሙሉ ነበሩ፤ ያምሩ ነበር።

«ለማን ብዬ?» አለችኝ።